የምንጩን ነገር ማን ያጥናው?
ስለ ውኃ ፍሰት ትንበያና ስለ ድኅረ ምረቃ የምርምር ዕድሎች ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በወረቀት ላይ ሲነበብ ከበድ ይላል፤ «በሃይድሮሎጂ ሞዴልና ትንበያ የድኅረ ምረቃ የምርምር ዕድሎች» ይላል። በቀላሉ ሲነገር ግን ዝናብ ከዘነበ በኋላ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ያህል እንደሚሆንና መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ በስሌት የማወቅ ትምህርት ነው። ስለዚህ ርእሱን ለጊዜው እናቆየውና ከአንድ ምንጭ እንጀምር።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከመካከላችን ሁለታችን ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን፣ በአንድ ደጋ ቀበሌ ምንጭ የማጎልበት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። የሄድነው በኅዳር ነው። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከምንጩ አፍ ሥር አስቀምጠን በእጅ ሰዓት ለካን፤ በሃያ አምስት ሴኮንድ ሞላ። ደስ አለን። በዚያው ልክ የማጠራቀሚያውን ስፋት፣ የቧንቧውን ውፍረትና የቦኖዎቹን ቁጥር ወሰንን፤ ሥራውም ተጠናቅቆ ተመረቀ። በሚያዝያ ተመልሰን ስንሄድ ያው ጀሪካን እስኪሞላ ከሁለት ደቂቃ በላይ ፈጀ። ከአራቱ ቦኖዎች ሁለቱ ደርቀዋል፤ እናቶች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምረው ይሰለፋሉ፤ በተራ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ሽማግሌ እስከመቀመጥ ተደርሷል። በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ አረጋዊ ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ልጆቼ፣ ይህ ምንጭ ከጥምቀት በኋላ እንደሚቀንስ እኛ እኮ እናውቃለን፤ ማን ጠየቀን?» አሉ። መልስ አልነበረንም።

ጥፋቱ የእኛ ነበር። የዓመቱ ውኃ በየወሩ ተለክቶ የተጻፈበት መዝገብ አልነበረም፤ መዝገብ በሌለበት ቦታ ደግሞ ከዝናቡ፣ ከአፈሩና ከመሬቱ አቀማመጥ ተነሥተን የሚያዝያውን ፍሰት ለመገመት የሚያበቃ ዕውቀት አልነበረንም። ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ስለዚህ ዕውቀት ነው። ዕውቀቱን የሚያስተምሩ ቦታዎች አሉ፤ ወጪ የሚሸፍኑም አሉ፤ በየአጥቢያችሁ ዲግሪውን ይዞ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ወጣትም አለ። እነዚህ ሦስቱ እስካሁን በበቂ አልተገናኙም።

«ሞዴል» ስንል ገንዘብ የምትቀበሉበትን ሞዴላ ሞዴል ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን ከሒሳብ መዝገባችሁ ያን ያህል የራቀ ነገርም አይደለም። ሰበካ ጉባኤ ገቢውን፣ ወጪውንና ከወር ወደ ወር የሚሻገረውን ቀሪ እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ የውኃ ተመራማሪም የአንድን ተፋሰስ ገቢና ወጪ ይመዘግባል። ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ሁሉ ወደ አንድ መውጫ የሚወርድበት መሬት ነው። ገቢው ዝናብ ነው። ወጪው በየብዙ በር ይወጣል፤ ከፊሉ ከአፈርና ከቅጠል ወደ አየር ይተናል፣ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ከፊሉ በገጸ ምድር ሮጦ ጎርፍ ይሆናል። የሰረገው ውኃ ቀሪ ሒሳብ ነው ማለት ይቻላል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በምንጭና በወንዝ ቀስ እያለ የሚከፈለን ከእርሱ ነው። የልኬቱን ነገር ለመገመት ያህል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ሁለት መቶ ካሬ ሜትር በሆነ የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሥር ሚሊ ሜትር ሲዘንብ ሁለት ሺህ ሊትር ይወርዳል።

ሞዴል የሚባለው ይህን ሒሳብ ለየቀኑ፣ አንዳንዴም ለየሰዓቱ በኮምፒዩተር የሚያሰላ ቀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በስዊድን የሜትዎሮሎጂና የሃይድሮሎጂ ተቋም የተሠራው ኤች ቢ ቪ የተባለው ሞዴል መሬቱን አንዱ በሌላው ላይ እንደተደረደሩ፣ ከጎናቸውና ከሥራቸው እንደሚያንጠባጥቡ ጋኖች አድርጎ ይቈጥረዋል። የላይኛው ጋን ሞልቶ ሲፈስ ጎርፍ ነው፤ የታችኛው ቀስ ብሎ ሲያንጠባጥብ የበጋ ወንዝ ነው። ከአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የወጣው ስዋት የተባለው ደግሞ መሬቱን በአፈር ዓይነት፣ በተዳፋትነትና በሰብል ከፋፍሎ ያሰላል። ተማሪው ሞዴሉ ያወጣውን ፍሰት በወንዙ ላይ በእውነት ከተለካው ጋር ያስተያያል፤ እስኪቀራረቡ ድረስ የጋኖቹን ቀዳዳ ያጠባል፣ ያሰፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ቀዳዳውን በመነካካት ብቻ ከልኬቱ ጋር የሚገጥም ውጤት ማግኘት ይቻላል፤ ስሌቱ ገጠመ ማለት ግን የመሬቱ ጠባይ ታወቀ ማለት አይደለም። ሒሳቡ ተመጣጥኖ ሳለ ገንዘቡ የት እንደሄደ የማይታወቅበት መዝገብ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል።

የዚህ ትምህርት ዋጋ በሰው ነፍስ የታየባቸው ቀኖች በአገራችን አሉ። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ፣ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ በድሬዳዋ ከተማ ላይ ወረደ። ደቻቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። ጎርፉን በአብዛኛው ያመጣው ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች የጣለው ዝናብ ነበር። በዚያ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ የኦሞ ወንዝ በዳሰነች አካባቢ ሞልቶ ከሦስት መቶ በላይ ሰዎችን ወሰደ። በደጋ የዘነበ ዝናብ ቆላ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ በኦሞ ቀናት ሊሆን ይችላል፣ በደቻቱ ግን ጥቂት ሰዓታት። የትንበያ ሥራ ያንን ጊዜ ለሰው መስጠት ነው። ደጋ ላይ የሚነበብ የዝናብ መለኪያ፣ ዝናቡን ወደ ጎርፍ የሚለውጥ ሞዴል፣ ቆላ ላይ ደግሞ መልእክቱን ተቀብሎ የሚጮኽ ሰው ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሁለቱ አይጠቅሙም።

እንግዲህ ሞዴሉ ካለ፣ ኮምፒዩተሩም ካለ፣ ምን ቀረ? የሚለው ጥያቄ ይነሣል። የቀረው ልኬትና ልኬቱን የሚመረምር ሰው ነው። የዓለም አቀፉ የሃይድሮሎጂ ሳይንስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2012 ያሉትን ዐሥር ዓመታት መለኪያ በሌላቸው ተፋሰሶች ላይ ለሚደረግ ትንበያ ሰይሞ ነበር፤ ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ይከብዳል። የዓባይን ውኃ በግብፅ የሮዳ ደሴት ሰዎች ከሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምረው ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከእኛ ተራሮች የወረደውን የክረምት ውኃ ከፍታ በየዓመቱ ጻፉት፤ እኛ ግን ከምንጩ አጠገብ ተቀምጠን አልጻፍነውም። በአገራችን ስለ ዓባይ ተፋሰስ ሰፊ ጥናት የተደረገው ከአሜሪካ የመሬት ማልማት ቢሮ ጋር ሲሆን ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1964 በብዙ ቅጽ ታተመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መለኪያዎች ተተክለዋል፤ ያም ሆኖ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች እንኳ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሲለኩ፣ የቀሩት ብዙ ትንንሽ ወንዞችና ጅረቶች ያለ መለኪያ ይገባሉ። የሐይቁን ሒሳብ የሚሠራ ተማሪ ሁሉ የእነርሱን ድርሻ በግምት መሙላት ግድ ይሆንበታል። ዛሬ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ በዓባይ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከበላዩ ያለውን ውኃ በትክክል የመተንበይ ጉዳይ ለምርምር መጽሔት ብቻ የሚቀር አይደለም።

ልኬት ሲገኝ ምን እንደሚሆን አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ፤ ይህ ለእኛ ከሁሉ የሚወደድ ታሪክ ስለሆነ ጥቂት ብናስረዝመው ይቅርታችሁን እንለምናለን። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ተቋቋሙ። ተፋሰሶቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንጀኒ ከመቶ ሄክታር ጥቂት የሚበልጥ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ስማቸው በመጽሔት የማይወጣ የአካባቢው ሰዎች ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና ከውኃው ጋር የሚወርደውን አፈር ለዓመታት እየለኩ ጻፉ። ከሃያ ዓመታት ያህል በኋላ ኢትዮጵያውያን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና መምህራን፣ በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር ከሆኑት ከፕሮፌሰር ታሞ ስቲንሃውስና ከባልደረቦቻቸው ጋር ያንን መዝገብ ከፈቱት።

ያገኙት ነገር እንዲህ ነው። በክረምቱ መጀመሪያ የሚዘንበውን ዝናብ መሬቱ ይጠጣዋል። ክረምቱ ከገባ በኋላ የዘነበው፣ በትነት የሚሄደው ተቀንሶ፣ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ከሚጥለው ዝናብ ወንዝ የሚሆነው ድርሻ ከፍ ብሎ እዚያው ይቀመጣል። በሰኔ መጀመሪያ ወንዙን ያላነቃነቀ ዝናብ፣ በዚያው መጠን በነሐሴ ሲጥል ደራሽ ያመጣል። ጎርፉ የሚነሣው ከመላው መሬት አይደለም፤ ውኃ ከጠገበው ከሸለቆው ግርጌና አፈሩ ተሸርሽሮ ድንጋይ ከወጣበት ተዳፋት ነው። ገበሬው ይህን ሲሰማ «ይህማ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይል ይሆናል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ በብዛት ይሠራበት የነበረው ከአሜሪካ የመጣ የጎርፍ ማስያ ቀመር ይህን የወቅት ጠባይ አያውቀውም ነበር። በቀመሩ መሠረት የተሠራ ቦይ በነሐሴ ይጥበዋል፤ በቀመሩ መሠረት የተመረጠ እርከን ውኃው በማይነሣበት ቦታ ይሠራል። ገበሬው የሚያውቀውን ወደ ቁጥር የለወጡት ተማሪዎች ናቸው። ያንንም ያስቻላቸው የእነዚያ ለኪዎች የየዕለት መዝገብ ነው።

ያልተፈቱ ጥያቄዎችስ? ሞልተዋል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ በዓይናችን ፊት ደረቀ፤ ለከተማ መጠጥና ለመስኖ የተሳበው ውኃ፣ ከተራቆተው ኮረብታ የወረደው ደለልና ትነቱ ተባብረውበት። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ደግሞ በተቃራኒው እየሰፋ ሄደ፤ በ1950ዎቹ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ዛሬ ከአርባ በላይ ሆኖ መንገዱን፣ የባቡር ሐዲዱንና እርሻውን አስጨነቀ። ውኃው ጨዋማ ስለሆነ መስፋቱ ለማንም አልበጀም። አንዱን ያደረቀው፣ ሌላውን ያሰፋው የትኛው ምክንያት ምን ያህል ድርሻ እንዳለው መለየት ሞዴል የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በበሰቃ ላይ ከመስኖ የሚመለሰው ውኃና ከመሬት ውስጥ የሚመጣው ውኃ ድርሻ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በፎገራ ሜዳ በየክረምቱ የሚተኛው የርብና የጉማራ ውኃ፣ በአዋሽ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለው የጎርፍ ስጋት፣ በየቆላው የሚቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የሚመግባቸው ዝናብ ምን ያህል እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ለአንድ ሰው የዶክትሬት ሥራ ይበቃል። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ተጠብቆ የኖረው ደን በሥሩ ያለውን ምንጭ ምን ያህል እንደሚመግብም እንዲሁ በልኬት ገና በበቂ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው። «ደን ካለ ውኃ አለ» ማለት ይቀለናል፤ ዛፍ ራሱ ብዙ ውኃ ይጠጣልና የሒሳቡ ቀሪ የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው።

በቅርብ ዓመታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ሞዴሎችም መጥተዋል። እነዚህ የጋኑን ቀዳዳ በእጅ ከማስተካከል ይልቅ ከብዙ ወንዞች የተለካ መረጃ ራሳቸው ይማራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የጉግል ተመራማሪዎች ጥናት ከአምስት ሺህ በላይ ከሚሆኑ የወንዝ መለኪያዎች ተምሮ መለኪያ ለሌላቸው ወንዞች ጎርፍ የሚተነብይ ሞዴል አሳይቷል። ትልቅ ነገር ነው። ወጣቶቻችን ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ ሁሉም አለቀ» እንዳይሉ ግን እንሰጋለን። ከሌላው ዓለም ወንዞች የተማረ ሞዴል በእኛ ደጋ መሥራት አለመሥራቱን የሚመረምረው፣ ሲሳሳትም ለምን እንደተሳሳተ የሚያውቀው አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቶቹ እንምጣ።

በአገር ውስጥ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመርም የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተ ነው፤ በዚህ ዘርፍ የማስተርስና የዶክትሬት ትምህርት ይሰጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ሀብት ተቋም አለው፤ በዚያው የሚገኘው የአፍሪካ የውኃ አስተዳደር የልህቀት ማዕከል ከሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተማሪ ይቀበላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለጣናና ለዓባይ ቅርብ በመሆኑ በዚያ የሚሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ በእነርሱ ላይ ናቸው። በውጭ ደግሞ በአልጄሪያ ትለምሰን ከተማ የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውኃና የኢነርጂ ሳይንስ ተቋም ለማስተርስ ተማሪዎች ሙሉ ወጪ ሲሸፍን ቆይቷል፤ ብዙ ወጣቶቻችን ስለዚህ ተቋም ሰምተው እንኳ እንደማያውቁ ስናይ እናዝናለን። በኔዘርላንድ ዴልፍት የሚገኘው አይ ኤች ኢ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ለታዳጊ አገሮች የውኃ ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ነው፤ በዚያው አገር የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ በሳተላይት መረጃ የውኃ ጥናትን ያስተምራል። በቤልጅየም የሌቨንና የብራስልስ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የውኃ ሀብት ምሕንድስና ማስተርስ ያስተምራሉ። ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለው የአውሮፓ የነፃ ትምህርት ዕድል ተማሪው በሁለትና በሦስት አገሮች እየተዘዋወረ የከርሰ ምድር ውኃንና የጎርፍ አደጋን የሚያጠናባቸው ትምህርቶች ነበሩት። የጀርመኑ ዳአድ ደግሞ ወደ ጀርመን ለሚሄዱት ብቻ ሳይሆን፣ በአፍሪካ ውስጥ በተመረጡ ተቋማት ለሚማሩም ድጋፍ ሰጥቷል። የትኛው ዕድል በየትኛው ዓመት እንደሚከፈት ይለዋወጣልና አመልካቹ ከተቋሙ ራሱ ማረጋገጥ አለበት።

የአሜሪካው መንገድ ለየት ይላል፤ ብዙ ሰውም ይስተዋል። በዚያ የምርምር ተማሪ በአብዛኛው የሚኖረው መምህሩ ለምርምር ባገኘው ገንዘብ ነው። የምርምር ረዳት ሆኖ በሳምንት ሃያ ሰዓት ያህል ይሠራል፤ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ በየወሩም መተዳደሪያ ያገኛል። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት ለመምህሩ ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል። ለመቶ መምህራን አንድ ዓይነት ደብዳቤ የላከ ወጣት መልስ ባያገኝ አይፈረድም። የመምህሩን ሁለት ጽሑፍ አንብቦ፣ «በእናንተ ዘዴ የጉማራን የበጋ ፍሰት ለማጥናት እፈልጋለሁ፤ ያለኝ መረጃ ይህ ነው፣ የጎደለኝም ይህ ነው» ብሎ በግማሽ ገጽ የጻፈ ግን ይነበባል። ማመልከቻው ለሚቀጥለው ዓመት መስከረም ከሆነ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ በኅዳርና በጥር መካከል ነው። በሰኔ ተነሥቶ «ዘንድሮ ልሂድ» የሚል ወጣት ዓመቱን ይስታል።

ሊያመለክት የሚችለውስ ማን ነው? የውኃ ምሕንድስና የተማረ ብቻ አይደለም። ሲቪል ምሕንድስና፣ ጂኦሎጂ፣ ግብርና፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኮምፒዩተር ሳይንስ የተማሩ ሁሉ በየበኩላቸው በር አላቸው። ሴት አመልካቾችን በተለይ የሚያበረታቱ ዕድሎች ብዙ ናቸው፤ በአጥቢያችሁ ዲግሪዋን ይዛ ቤት የተቀመጠች ልጅ ካለች መጀመሪያ እርስዋን ጥሩልን። እስኪሳካ ድረስም ተቀምጦ መጠበቅ አይገባም። ኤች ኢ ሲ ኤች ኤም ኤስና ስዋት የተባሉት ሞዴሎች፣ ኪው ጂ አይ ኤስ የተባለው የካርታ ፕሮግራም፣ ፓይተንና አር የተባሉት የስሌት ቋንቋዎች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ቺርፕስ የተባለው ከሳተላይትና ከመሬት ጣቢያዎች የተቀናበረ የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ኮምፒዩተርና የኢንተርኔት መስመር ያለው ወጣት የገዛ ወረዳውን ወንዝ ሞዴል በስድስት ወር ሊጀምር ይችላል። መምህራኑ ከሚፈልጉት ሁሉ ይህን የመሰለ ማስረጃ የለም።

ከሰበካ ጉባኤ ምን ይጠበቃል? በመጀመሪያ የማይጠበቀውን እንናገር። የድጋፍ ደብዳቤ በማኅተም አስደግፋችሁ ብትጽፉ ለቅበላው እምብዛም አይረዳም፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚፈልጉት ተማሪውን ያስተማሩትን መምህራን ምስክርነት ነው። የሚጠቅመው ጥቃቅኑ ነገር ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ክፍያ ለአንድ ገበሬ ልጅ ከባድ ነው፤ አንዳንድ ተቋማት በእንግሊዝኛ መማሩን የሚገልጽ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ እንደሚበቃቸው ግን ብዙው አያውቅም። ማስረጃ ለማረጋገጥ ወደ ከተማ መመላለሻ፣ ለአንድ ወር የኢንተርኔት ክፍያ፣ መብራት ባለበት የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፤ እነዚህ ከአቅማችሁ በላይ አይደሉም። ደግሞም ተጠንቀቁ። «ስኮላርሺፕ አስገኝላችኋለሁ» ብሎ ቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ በየከተማው አለ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የማመልከቻ ክፍያ ቢኖረውም የሚከፈለው ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው ነው፤ ለሰው እጅ አይሰጥም።

ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት «አስተምረን እንልካቸዋለን፣ እነርሱ ግን ይቀራሉ» ብለውን ነበር። የሚቀሩ መኖራቸውን አንክድም። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ የዶክትሬት ትምህርቶች ተማሪው ትምህርቱን በውጭ ወስዶ የመስክ ሥራውን የሚሠራው በአገሩ ነው፤ ጥያቄውን ከገዛ ወንዙ ያነሣ ተማሪ ወደዚያው ወንዝ መመለስ ግድ ይሆንበታል። በውጭ ቀርተው እንኳ ለአገር ቤት ተማሪዎች አማካሪ የሆኑ አሉ። ይህ ለስጋቱ ሙሉ መልስ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ልጆቹን ካለመላክ ግን ይሻላል ብለን እናምናለን።

ሌላው የምንጠይቃችሁ ልኬቱን ነው። ምንጭ ያላችሁ አጥቢያዎች በየወሩ መጀመሪያ ያንኑ ጀሪካን በዚያው ቦታ አስቀምጣችሁ በስንት ሴኮንድ እንደሞላ ጻፉ። ደራሽ ወንዙ እስከየት እንደደረሰ በድንጋይ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ አትርሱ። አረጋውያንን ጠይቃችሁ ምንጩ የደረቀባቸውን ዓመታት መዝግቡ። ዝናብ ለመለካት ፈቃደኛ የሆናችሁ ደግሞ በየአቅራቢያችሁ ካለው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጽሕፈት ቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ያለ እነርሱ ምክር የተተከለ መለኪያ መረጃው ተቀባይነት አያገኝም። ቦታ መምረጥ ላይ እውነቱን እንናገር፦ ደን በበዛበት ቅጽር ውስጥ መለኪያ አይተከልም። ከዛፉም ሆነ ከሕንፃው ቢያንስ የቁመቱን ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት፤ ለአንዳንዶቻችሁ ይህ ማለት ከቅጽሩ ውጭ፣ ከብት በማይደርስበት ሜዳ ነው። የሚነበበው በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። በበዓል ቀን በዚያ ሰዓት ማኅሌቱም ቅዳሴውም ሊኖር ስለሚችል አንባቢው ሁለት ሰው ይሁን፤ ከግቢ የማይለየው ጥበቃው ቢሆን መልካም ነው። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን «0» ይጻፍ። ያልተነበበበት ቀን ካለ ግን ባዶ ይተው፤ ከጎረቤት ቀን ተገምቶ አይሞላ። ባዶውን ተመራማሪው በዘዴ ይሞላዋል፤ የተፈጠረውን ቁጥር ግን ለይቶ ሊያወጣው አይችልም።

ናሙና እንዲሆን አንድ መለኪያ ይዘን መጥተናል፤ ከአዳራሹ በስተ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ተተክሏል። ከምሳ በፊት ወጥተን አብረን እናነበዋለን። ሌሊቱን ስለጣለ ዛሬ የሚጻፍ ነገር አለው።